የሰው ማለዳ በቢስክሌት

«ገንዘባችንን ከፍለናል እኮ!»

ይህ ቃል የወጣው ከእኛው ከአንዱ ጓደኛችን አፍ ነው። የተነገረውም በጃፓን አገር፣ በኪዮቶ ከተማ ምዕራባዊ ዳር በሚገኘው በአራሺያማ ሠፈር፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንከራከርበት ስለ ቆየን፣ ዛሬ ክርክሩን ወደ አንባቢዎቻችን ልናመጣው ወደድን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለትምህርት ጉብኝት የሄድን አምስት ተማሪዎች ቢስክሌት ተከራይተን፣ አንድ አዛውንት አስጎብኚ ይዘን ጎህ ሲቀድ ተነሣን። እንዲህ መማለዳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ረፈድ ሲል በቀርከሃው ጫካ መካከል የሚያልፈው ጠባብ መንገድ በሰው ይጨናነቃል። ጃፓንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች በ2003 ዓ.ም. 5.2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2024 ዓ.ም. ግን ከ36 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በአገራችን እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። እኛም ብረት ከመሆናችን በፊት ለመድረስ ቸኮልን ማለት ነው።

በመጀመሪያ የቶጌትሱክዮን ድልድይ ተሻገርን። ከሩቅ ሲያዩት የጥንት የእንጨት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የዛሬው ድልድይ በ1934 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ መደገፊያው እንጨት ይሁን እንጂ ምሰሶው ሲሚንቶ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግሩን አንዳንዶቻችን የተታለልን መሰለን። በኋላ ስናስበው ግን ሰዎቹ ድልድዩን ሲያድሱ ከኋላው ላሉት ኮረብታዎች መልክ ተጠንቅቀዋል።

የቴንሪዩጂ ገዳም በር በዚያ ሰዓት ዝግ ስለ ነበረ ታሪኩን ከደጅ ቆመን ሰማን። ገዳሙ በ1339 ዓ.ም. ተመሠረተ። ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ተቃጥለው እንደ ገና ተሠርተዋል፤ ሙሶ ሶሴኪ የተባለው መነኩሴ ያቀደው የአትክልት ቦታ ግን ጥንታዊ መልኩን እንደ ያዘ ቆይቶ፣ ገዳሙ በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የአትክልቱ ውበት በአጥሩ ውስጥ ብቻ አያልቅም፤ ከበስተኋላ ያሉት ተራሮች የሥዕሉ ክፍል ሆነው ገብተዋል። እንግዲህ ጎረቤት ተራራውን ቢያበላሽ የገዳሙ አትክልት ተበላሸ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ቀርከሃው ጫካ ስንደርስ ከቢስክሌት ወርደን እየገፋን ገባን። የጃፓን መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ሊጠበቁ የሚገባቸውን 100 የአገሪቱን ድምፆች ሲመርጥ፣ በሳጋኖ ቀርከሃ ውስጥ የሚያልፈውን የነፋስ ድምፅ ከነዚያ አንዱ አድርጎታል። እውነትም ግንዱ ከግንዱ ጋር ቀስ ብሎ ሲጋጭና ቅጠሉ ሲንሾካሾክ ሰማን። ረፈድ ካለ በኋላ ይህ በጫጫታው ይዋጣል።

ከጫካው ወጥተን በመኖሪያ ቤቶች መካከል ስናልፍ አንዲት እናት ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ጓደኛችን በደስታ ብዛት የቢስክሌቱን ደወል ደጋግሞ አንቃጨለው። አስጎብኚያችን ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን በደወሉ ላይ ጫኑበት። ጓደኛችን በመጀመሪያ የጻፍነውን ቃል የተናገረው በዚህ ጊዜ ነው። አዛውንቱ አማርኛ ባያውቁም ነገሩ የገባቸው ይመስለናል፤ መልሰው ወደ ጫካው ወሰዱንና ስም የተቀረጸበት ቀርከሃ አሳዩን። ቀርከሃ በጥቂት ሳምንታት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሌላው ዛፍ አይወፍርም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተጫረ እንደ ሆነ ጠባሳው እስኪሞት ድረስ አብሮት ይኖራል።

ከእኛ መካከል «እንግዳ የሚያስቸግራቸው ከሆነ መንገዱን ይዝጉት» ያለ አለ። ይህ ሚዛናዊ አይደለም፤ ባለ ሱቁም፣ ባለ ጀልባውም፣ አስጎብኚያችንም የሚኖሩት በእንግዳ ነው። «ከፍለናል» የሚለውም ቢሆን አይቀናም። የከፈልነው ለቢስክሌቱ ኪራይና ለአዛውንቱ ድካም ነው። የዚያች እናት ማለዳ በዋጋው ውስጥ አልነበረም፤ ለሽያጭም አልቀረበም።

በእኛ አስተያየት በማለዳ መጎብኘት መልካም የሚሆነው በጥቂት ሰው፣ በዝግታና በዝምታ ሲሆን ነው። አለዚያ ቀኑን የወሰደው እንግዳ ለነዋሪው የተረፈችውን አንዲት ጸጥተኛ ሰዓት ጭምር መቀማቱ ነው። ላሊበላም ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው መዝገብ የሚገኝ፣ ሰው የሚኖርበትና የሚጸለይበት ቦታ ነውና፣ ለጉብኝት የምንሄድ ተማሪዎች ይህንኑ ብናስብ አይከፋም።

ጓደኛችን ተመልሰን በዚያው ደጅ ስናልፍ ከቢስክሌቱ ወርዶ እጅ ነሣ። እናቲቱም አጸፋውን መለሱና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።