ጡት የምታጠባ እናትና የካልሲየም ክኒኗ

የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በየቀኑ ካልሲየም የምትወስድ እህት፣ ልጅ ወይም ባለቤት አለቻችሁ? በቅርቡ ከወለደች ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህን ልብ በሉ።

አንገታችን ውስጥ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ዕጢዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። በቀዶ ሕክምናው ከተጎዱ ካልሲየም ያንሳል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። ስለዚህ ታካሚዋ ካልሲየምና ካልሲትሪዮል የተባለውን የቫይታሚን ዲ ዓይነት ትወስዳለች።

እንዲህ ያለች ሴት ዘወትር የምትፈራው ማነሱን ነው። ማጥባት ስትጀምር ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። የምታጠባ እናት ጡት የፓራታይሮይድን ሆርሞን የሚመስል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህም ካልሲየም ከአጥንት እንዲወጣ፣ ኩላሊትም በሽንት እንዳያስወግደው ያደርጋል። የተጎዳውን ዕጢ ሥራ ጡት ተክቶ ሠራ ማለት ነው። መድኃኒቱ በቀድሞው መጠን ከቀጠለ ካልሲየሙ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ለአዋቂ ሰው ጤናማ የሚባለው በዴሲ ሊትር ደም ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው።

ችግሩ ምልክቶቹ የአራስ ድካም መምሰላቸው ነው፤ የውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል። ቤተሰቡ "እንቅልፍ አጥታ ነው" ብሎ አጥሚት ይጨምርላታል። ካልሲየሙ ግን እያደር ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ገና በእርግዝናዋ ሳለች ስለ ዕጢዎቿ ሁኔታ ለሐኪሟ ትንገር። ከወለደች በኋላ በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ደሟን ትመርመር። "አጥንት ያጠነክራል" ተብሎ የሚገዛ ቫይታሚን ሐኪም ሳያውቅ አትስጧት። ማስታወክ ከበረታባት ወይም ግራ መጋባት ከጀመራት ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷት።

ክኒኑን ግን በራሳችሁ አታስቁሟት፤ ማጥባቷንም ለማስተው አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ ነው፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪሟ ነው።

ሕፃኑ ጡት ሲተው ደግሞ ከጡት ይመነጭ የነበረው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ የመደንዘዙ ችግርም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ልጁን ጡት ለማስጣል ስታስቡ ቀድማችሁ ሐኪሟን አማክሩ። መልካም የአራስነት ጊዜ!