ከዲሹ አስቀድሞ ምሰሶው ይታሰብበት

በአባላት መዋጮ የተገዛ ቴሌቪዥን ስለ አየር ጠባይና ስለ ሰብል ተባይ ማሰማት ሲገባው፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሥዕሉ እየጠፋ ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ያን ጊዜ አባላቱ ለሚቀጥለው መዋጮ እጃቸውን ቢሰበስቡ አያስደንቅም። የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ይህንን ከግዢው በፊት ሊያስቡበት ይገባል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ለናይልሳት ወደ ምዕራብ የተተከለ አሮጌ ዲሽ ካልተጣመመና ካልዛገ ወደ ምሥራቅ ማዞር እንጂ አዲስ መግዛት አያሻም። ሪሲቨሩ ጣቢያዎቹን መቀበሉ ግን አስቀድሞ ይሞከር።

የተረፈው ገንዘብ ለብረት ምሰሶና ለሲሚንቶ ይዋል። ዲሹ ጥቂት ፈቀቅ ቢል ሥዕሉ ስለሚጠፋ ምሰሶው በቱንቢ ተለክቶ ቀጥ ብሎ ይተከል። ቦታው በምሥራቅ በኩል ዛፍ የማይጋርደው፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀና ከብት የማይታከከው ይሁን። ኬብሉ አጭርና ያልተቀጣጠለ ሆኖ መጋጠሚያው ዝናብ እንዳያስገባ ይጠቅለል። ምሰሶው በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይያያዝ፤ ደመና ሲከብድም ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ኬብሉ ከሪሲቨሩ ይነቀል።

ሥራው ሲያልቅ የወጣው ወጪ በጠቅላላ ስብሰባ ይነበብ። መዋጮው የት እንደዋለ ያየ አባል ለሚቀጥለው ሥራ ወደኋላ አይልም።