የጎሬ ባንክና የጋይንት ማሰሮ

በንፋስ መውጫና በመላው ጋይንት አያቶቻችን ገንዘባቸውን ለመሬት አደራ ይሰጡ እንደ ነበር ከሽማግሌዎች ያልሰማ የለም። የማሪያ ቴሬዛው ብር በማሰሮ ይሞላል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ባለቤቱም በሌሊት ይቀብረዋል። ሥፍራውን ለሚስቱ እንኳ የማይነግራት ብዙ ነው። ድንገት የሞተ እንደ ሆነ መበለቲቱ ሀብት እያላት በዕዳ ትኖራለች። እንግዲህ በዚያው ዘመን ባንክ የሚባለው ነገር ለማን እንደ ተከፈተ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንነግራቸው ወደድን።

ዐፄ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋራ ተዋውለው፥ የሐበሻ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ቅርንጫፎቹ ንግድን ተከትለው በሐረር፥ በድሬዳዋ፥ በደሴና በጎሬ ቆሙ፤ በጠረፍ ከተማ በጋምቤላም ወኪል ነበረው።  ጋምቤላ በ1894ቱ ውል ለሱዳን መንግሥት የንግድ ሥፍራ እንድትሆን የተፈቀደች ነበረች። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ጨርቅና ጨው አራግፎ ቡናና ሰም ይጭናል፤ ነጋዴውም የአንዱን አገር ገንዘብ በሌላው የሚለውጥለት ይሻ ነበር። ከዚያ በስተ ሰሜን በወለጋና በቤኒ ሻንጉል ሰዎች ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ያጥባሉ። የወርቁም ወቄት የሚመዘነው በጋይንት ማሰሮ ውስጥ በተቀበረው በዚሁ ብር ነበር፤ አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ነውና።

ይህ ክብደት ለነጋዴ መከራ ነበር። 1000 ብር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ 3000 ሲሆን አንዲት በቅሎ ያደክማል። ስለዚህ ባንኩ በ1907 ዓ.ም. የወረቀት ገንዘብ አወጣ፤ ሕዝቡ ግን አላመነውም። እኛ በዚህ አንፈርድበትም፤ ብር ቢቀልጥ አምባር ይሆናል፥ ወረቀትን ግን ምስጥ ይበላዋል።

በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባንኩን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አሰኘው። ይህም በጠላት ወረራ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማሰሮውን ያገኘች ሴት ብሩን ለአንጥረኛ ሰጥታ ድሪ ታሠራበት ነበር። ያላገኘችው ግን ጓሮዋን ስትቆፍር አረጀች።