«የጋራ ኃላፊነት» ማለት የዘበኛው ኃላፊነት ማለት ነውን?

«ጸጥታ የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚባል ነገር አለ። በየስብሰባው ይነገራል፤ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ባለሥልጣኑም ባለሀብቱም እኩል ይወዱታል። ለምን አይወዱት? ማንንም በስም አይጠራ፤ ከማንም ኪስ ሳንቲም አያወጣ! እኔ ግን ይህ አባባል የያንዳንዱ ድርሻ ተቆርሶ በሕግ እስካልተጻፈ ድረስ ባዶ ወሬ ነው እላለሁ። ባዶ ወሬ ብቻም አይደለም፤ ሰው ያስጨርሳል።

«ማስረጃ አምጣ» የሚል ጓደኛ ቢኖር ወደ ማንቸስተር ይመልከት። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2017 ምሽት፣ በዚያች የእንግሊዝ ከተማ ታላቅ አዳራሽ የአርያና ግራንዴ ኮንሰርት አልቆ ልጆችና ወጣቶች ሲወጡ፣ አንድ አጥፍቶ ጠፊ መውጫው ላይ ቦምብ አፈነዳ። 22 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። እንግሊዝ ድኻ አገር አይደለችም። ፖሊስ ነበረ፤ አዳራሹን የሚያስተዳድር ኩባንያ ነበረ፤ በኮንትራት የገባ የጥበቃ ኩባንያ ነበረ፤ ካሜራም ነበረ። የመንግሥትና የነጋዴ «ትብብር» ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ሰር ጆን ሳውንደርስ የመሩት ምርመራ በ2021 ባወጣው የመጀመሪያ ቅጽ የታየው ግን ሌላ ነው። ገዳዩ የተደበቀበት ጥግ ካሜራ የማያየው ነበር። መውጫው ላይ መቆም የነበረበት ፖሊስ በዚያች ሰዓት አልነበረም፤ ከተመደቡት መካከል ለምግብ ብለው ወጥተው ከ2 ሰዓት በላይ የቆዩ ነበሩ። ልጅ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው ትልቅ የጀርባ ቦርሳ የያዘውን ሰውዬ ተጠራጥሮ ለጥበቃዎቹ ተናገረ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የወደቀው ገና 18 ዓመት በሆነው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው። ልጁ በሬዲዮ ሊያስታውቅ ሞከረ፤ አልገባለትም። ብሳሳት ዘረኛ እባላለሁ ብሎም ፈራ።

እስቲ ፍረዱ! ያ ሁሉ ካፒታልና ያ ሁሉ የመንግሥት ኃይል ተሰብስቦ መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ልጅና አንድ የማይሠራ ሬዲዮ ነው። ደግነቱ ምርመራው ለባከኑት ዕድሎች ዋና ተጠያቂ ያላቸው ትልልቆቹን ነው፤ አዳራሹን የሚያስተዳድረውን ኤስ.ኤም.ጂን፣ የጥበቃ ኩባንያውን ሾውሴክን፣ የብሪታንያ የትራንስፖርት ፖሊስንም። ሦስት ሆነው ነበር፤ ግን አንዱ ጋ የጎደለውን ሌላው አልሞላውም።

ልጇ ማርቲን ሔት በዚያ ፍንዳታ የሞተባት ፊገን መሪ ታዲያ እንባዋን ብቻ አላበሰችም። ሕግ ይውጣ ብላ ዓመታት ተከራከረች፤ በ2024 ከማንቸስተር እስከ ለንደን በእግሯ ተጓዘች። በኤፕሪል 2025 በልጇ ስም የሚጠራው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ 200 ሰውና ከዚያ በላይ የሚሰበሰብበት ቤት ባለቤት አደጋ ሲመጣ ሕዝቡን እንዴት እንደሚያስወጣ፣ በሩን እንዴት እንደሚዘጋ፣ ለሰዉ እንዴት እንደሚያስታውቅ አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። 800 ሲደርስ ግዴታው ይከብዳል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተሰይሟል፤ ቅጣቱም ለትልልቆቹ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ይሁንና ረቂቁ መጀመሪያ ላይ የሚጀምረው ከ100 ሰው ነበር። «ለነጋዴው ሸክም ይሆናል» ተባለና 200 ሆነ። 150 ሰው የሚይዝ ቤት ውስጥ ያለው ነፍስ ይቀልላል ማለት ነው? ደጉ ሕግ እንኳ ከገበያው ጋር ተደራድሮ ነው የወጣው።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ካምፓላን ረስቶ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ሊያዩ የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ቦምብ ሲፈነዳ፣ አንደኛው ቦታ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የተባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር። በሁለቱ ቦታዎች ከ70 በላይ ሰው አለቀ፤ አል ሸባብም እኔ ነኝ አለ። መስቀል አደባባይስ? ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰልፉ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ 2 ሰዎች ሞቱ፤ ከ150 በላይ ቆሰሉ። በጥበቃ ክፍተት ተጠርጥረው ፖሊሶች የታሰሩት ከፍንዳታው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አሁን በየሰፈሩ ያለውን ዲኤስቲቪ ቤት አስቡት። የእንግሊዝ ኳስ ባለበት ቀን አግዳሚ ወንበሩ እስከ በሩ ይደረደራል፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው። የሚጮኸውም የሚጨናነቀውም ማነው? እኛው ነን፤ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው። ወደ ትልልቁ ሆቴል ብንሄድ ደግሞ ፍተሻ አለ፤ ግን ምን ዓይነት ፍተሻ! በእግሩ የመጣው ኪሱ ይዳበሳል፤ ባለ ላንድክሩዘሩ ሲመጣ ሰላምታ ይሰጠዋል። ዘበኛው ምን ያድርግ? ባለመኪናውን ቢያስቆም ነገ እንጀራው ይቋረጣል። ደመወዙ ኤጀንሲው ቆርጦለት የተረፈው ነው። ሥልጠናውስ? «በር ላይ ቁም።» አለቀ። እንግዲህ «የጋራ ኃላፊነት» የተባለው ይህን ሰው ነው!

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ደግሞም እውነት አለበት። «ሽብር የሚለውን ቃል ለመንግሥት ካቀበልነው ነገ አፋችንን ይዘጋበታል» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 652/2001 ጋዜጠኛና ተቃዋሚ እንደ ታሰረበት የምናውቀው ነው፤ አዋጁም በ2012 በሌላ ተተክቷል። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው የማሰር ሥልጣን አይደለም። የኋላ በር እንዲከፈት ለመጠየቅ ማንን ማሰር ያስፈልጋል? እዚህ ግዴታው የሚጫነው ዜጋው ላይ ሳይሆን ባለ አዳራሹና ባለሥልጣኑ ላይ ነው። ሁለቱን ነገሮች ማደባለቅ የሚጠቅመው ምንም መሥራት ለማይፈልግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭርና ግልጽ ይሁን። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ ሁለተኛ መውጫ ይኑር፤ ትርዒት ባለ ጊዜ አይቆለፍ። ባለቤቱ ከገቢው ቆርሶ ጥበቃውን ያሠልጥን፤ የሚሠራ ሬዲዮ ይስጠው፤ ባለሥልጣንም ቢሆን ስለ ፈተሸ እንደማይባረር በጽሑፍ ያረጋግጥለት። ፖሊስ ጣቢያው ለዚያ ቤት የሚጠራ መኮንን በስሙ ይመድብ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያየውን ጉድለት በር ላይ ይለጥፍ፤ ገብተን የምንቀመጠው እኛ ነንና እናንብበው። የራሳችን የግጥም ምሽትና የቲያትር አዳራሽም ከዚህ ነጻ አይደለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁላችንም እንተርታለን። ቅጠሉን ማን እንደሚይዝ ግን እስካሁን በስም አልተጻፈም፤ እስኪጻፍ ድረስ ደግሞ ያው ዘበኛ በባዶ እጁ በሩ ላይ ይቆማል።