ወንፊት አያስተምርም

ሰኔ ግም ሲል አንዳንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን መፈተን ይጀምራሉ። ማንን? አንደኛ ክፍል የሚገባውን የ7 ዓመት ልጅ! ፊደል የለየ፣ ቁጥር የደመረ፣ በእንግሊዝኛ ስሙን የተናገረ ይመዘገባል። ሊማር የመጣውን አስቀድሞ ያላወቀ ወደ ቤቱ። እኔ እንደሚገባኝ ይህ ጤነኛ መርጦ ከሚያክም ሐኪም አይለይም።

ለመሆኑ በዚህ ወንፊት የሚቀረው ማነው? ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ ጥያቄው አልደረሰውም እንጂ መልሱ አልጠፋውም። ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ የሚሉት ችግር ያለበት፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት የሚቸግረው ልጅ፣ በቃል ቢጠይቁት ጉድ ያሰኝ ይሆናል። ፈታኙ የሚያየው ግን ባዶውን ወረቀት ነው። የኦቲዝም ነገር ከተነሣማ ፈተናውም አያስፈልግም። ጎረቤቴ ልጇን ይዛ ሦስት ትምህርት ቤት ዞራለች። ሁለቱ «ቦታ ሞልቷል» አሏት። ሦስተኛው፣ «ውጤታችንን ያወርድብናል» አላት። ከሦስቱ እሱን አከብራለሁ፤ ቢያንስ አልዋሸም።

ውጤት የተባለው ምን መሰላችሁ? አጥር ላይ የሚንጠለጠለው «በሚኒስትሪ መቶ በመቶ አሳልፈናል» የሚል ጨርቅ ነው። ተመርጦ የገባው ልጅ የትም ቢማር ማለፉ ይቀር ነበር? እኛ ወላጆችም ጨርቁን አይተን፣ ክፍያው ቢጨምርም፣ እንሰለፋለን።

የተመለሰው ልጅ መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ማግኘትም ዕድል ነው። ሸክሙ እዚያ፣ ምስጋናው እዚህ! ተመርጠው የቀሩትም ቢሆኑ ከነሱ የተለየ ልጅ አጠገባቸው ሳይቀመጥ ያድጋሉ።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ላይ፣ ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። ወሬው ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አልደረሰውም መሰለኝ።

ባለቤቶቹ «ልዩ መምህር የምንቀጥርበት ገንዘብ የለንም» ይላሉ። ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። ግን ያንኑ ፈተና ልጁን ለመመለሻ ሳይሆን ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቂያ ቢያደርጉት ስንት ብር ያስወጣቸዋል? የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዎችም መቶ በመቶ ያሳለፈውን ትምህርት ቤት ሲጎበኙ የተማሪዎቹን ውጤት ብቻ አይዩ፤ በሰኔ ከበር የተመለሱትን ልጆች ዝርዝር፣ ከነምክንያቱ፣ ይጠይቁልን።