በረዶው የት ገባ? ሠራተኛዋን ከመክሰሳችሁ በፊት...

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣልኝ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ጸሐፊዋ ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው። "ስሜን እንዳታወጣ" ብላኛለች፤ አላወጣም። አሳጥሬ ላስነብባችሁ፦

"የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ነው። ከስምንት ወር በፊት በረዶ በራሱ የሚሠራ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ገዛን። መጀመሪያ በረዶው እያነሰ መጣ፤ ቀጥሎ መሐሉ ባዶ ሆነ፤ አሁን ጭራሽ ቆመ። ምግቡን ግን በደንብ ያቀዘቅዛል። ባለቤቴ 'ሠራተኛዋ ናት የሰበረችው' ብሎ ከደሞዟ ሊቆርጥባት ነው። ልጅቷ 'አልነካሁም' እያለች ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?"

እህቴ፣ መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽዋል! "እያነሰ መጣ" ብለሻል። ሰው የሰበረው ዕቃ ባንድ ጊዜ ነው ቀጥ የሚለው፤ በየሳምንቱ እያነሰ አይሰበርም። ይሄ የውሃ ማነስ ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረዶ መሥሪያው ውሃ የሚያገኘው ከቧንቧ በቀጭን ቱቦ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ያለች ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ተከፍታ ትዘጋለች። በዚያች ሰከንድ ግፊቱ ደካማ ከሆነ የሚገባውም ውሃ ትንሽ ነው። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ በረዶ! የባሰው ደግሞ፣ ቫልቯ ጥብቅ ብላ እንድትዘጋ የውሃው ግፊት ራሱ ያግዛታል። ግፊት ሲጠፋ ጠብ ጠብ ታደርጋለች፤ ያቺ ጠብታ ቱቦው አፍ ላይ ትረጋና መንገዱን ትደፍነዋለች።

እስቲ እናስላው። ውሃ አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የሚጨምረው ግፊት 0.1 ባር ነው። ብዙ አምራቾች ለበረዶ መሥሪያ ቢያንስ 1.4 ባር ገደማ ይጠይቃሉ። ሮቶው ከቧንቧችሁ ሦስት ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ነው የምታገኙት። ግራውንድ ላይ ያለች ጎረቤትሽ ግን ከዚያው ሮቶ 1.5 ባር ገደማ ልታገኝ ትችላለች። ያው ሮቶ፣ ያው ውሃ... እሷ በረዶ አላት፣ አንቺ የለሽም!

አሁን ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ በተራ ፈትሹ።

አንደኛ፣ ከበረዶው ሳጥን አጠገብ ቀጭን የሽቦ ክንድ ወይም ማጥፊያ ቁልፍ አለ። ክንዱ ወደ ላይ ከተነሳ "በቃ፣ አትሥራ" ማለት ነው። ልጅቷ ስታጸዳ ነክታው ቢሆን እንኳ በአንድ ጣት ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። የብር ኖት በሩ መሐል አድርገሽ ዝጊና ሳቢው፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል። መብራት ቆይቶ ከመጣ ደግሞ ሳትፈርጂ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቂ።

ሦስተኛ፣ የውሃ ማጣሪያ ካለው በስድስት ወር አንዴ ይቀየራል። የናንተው ስምንት ወሩ ነው! የሮቶ ደለል ደግሞ ቶሎ ይደፍነዋል።

አራተኛ፣ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ ውሃውን ዝጉ፣ ከጀርባ ያለውን ቱቦ ፈትታችሁ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ክተቱና መልሳችሁ ክፈቱ። አንዴ በሮቶው፣ አንዴ የመንገዱ ውሃ በመጣ ቀን ሞክሩት። በሮቶው ጊዜ ዝም ብሎ ከተንጠባጠበ ጥፋተኛው ተገኘ።

አምስተኛ፣ የረጋውን ቱቦ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አሟሙት። በቢላ አትጎርጉሩት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ግፊቱ ደህና ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ፣ ቫልቯ ወይም መሣሪያው ራሱ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ይጠራ። ግን መጥቶ "ጋዝ አልቋል" ካላችሁ ረጋ በሉ። ጋዝ ያለቀበት ፍሪጅ ምግብ በደንብ አያቀዘቅዝም።

መፍትሔው? ወይ ትንሽ የግፊት ፓምፕ፣ ወይ የድሮዋ የፕላስቲክ በረዶ ማውጫ በተፈላ ውሃ። እሷ ግፊት አትጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ አሠሪ እንዳሻው ከደሞዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። የቤት ሠራተኞችን ግን አዋጁ አይሸፍንም። እንግዲህ የልጅቷ ደሞዝ በእናንተ ሕሊና ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ወንድሜ ባልየው፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው! ሮቶውን መክሰስ አይቻልም፣ ውሃውን መክሰስ አይቻልም፣ ልጅቷ ግን እዚያው ማዕድ ቤት ቆማለች።

እህቴ፣ የባልዲውን ሙከራ ልጅቷ ባለችበት አድርጉት። ጥርጣሬው የተነገረው ፊቷ ላይ ነውና፣ "አንቺ አይደለሽም" የሚለውም ፊቷ ላይ ይነገራት። ደሞዟም በቀኗ፣ ሙሉዋን ትውሰድ።

ሳምንት እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ!