ዓሣም ደጋና ቆላ አለው

የዋግ ገበሬ ማሽላን ለቆላው፣ ገብስን ለደጋው ይመድባል። ዘሩን ለምድሩ ይመርጣል እንጂ ምድሩን ለዘሩ ለመለወጥ አይደክምም። በቤታችን ዓሣ ለማሳደግ ስንነሣ ግን ይህን የቆየ ጥበብ እንዘነጋለን። በመጀመሪያ አኳሪየም የሚባለውን የመስታወት ገንዳ እንገዛለን፤ ቀጥሎ በመልኩ የማረከንን ዓሣ እናመጣለን፤ በመጨረሻም ውኃውን በማሞቂያ አስገድደን ለዓሣው እንዲስማማ ለማድረግ እንሞክራለን። የእኛ አስተያየት ከዚህ ተቃራኒ ነው። በደጋ የሚኖር ጀማሪ በቅድሚያ የቤቱን ውኃ ጠባይ ይለካ፤ ዓሣውን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ይሁን።

እንደሚታወቀው ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሰው በራሱ አይጠብቅም። የውኃው ሙቀት የእርሱም ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በሰውነቱ ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካዊ ሂደት በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ ሲቀንስም በዚያው ልክ ይዘገያል። ውኃው ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ዓሣው መብላት ያቆማል፤ በሽታን የመከላከል አቅሙም ይዳከማል። የተረፈው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ያመነጫል፤ ይህን መርዝ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም በቅዝቃዜው ሥራቸውን ያቀዛቅዛሉ።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ኒሯቅ ለምትገኝበት ለአበርገሌ እንዲሁም ለዝቋላና ለሰሃላ ወጣቶች የዓሣ ማስገሪያ ሆኗል። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ሲሆን ሰቆጣ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል የ7 ዲግሪ ልዩነት መጠበቅ ይቻላል። ቀረሶ ጥሩ ዕድገት የሚያሳየው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው፤ ከ16 ዲግሪ በታች መመገቡን ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድም ለሞት ይዳረጋል። ከተከዜ ወጥቶ በሰቆጣ ትንሽ መስታወት ውስጥ የታኅሣሥን ሌሊት የሚያሳልፍ ቀረሶ ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ መገመት አያዳግትም።

«ታዲያ በኮረም አቅራቢያ ያለው የሐሸንጌ ሐይቅ ከ2,400 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ቀረሶ እንዴት ይኖርበታል?» የሚል ተማሪ ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በውኃው ብዛት ላይ ነው። ሐይቅ ቀን ያከማቸውን ሙቀት በአንድ ሌሊት አያጣም። የ60 ሊትር ውኃን ሙቀት በ1 ዲግሪ ለመለወጥ 250 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል ያስፈልጋል፤ ለ10 ሊትር ግን 42 ኪሎ ጁል ይበቃል። ስለሆነም ጀማሪ «ይቀለኛል» ብሎ የሚገዛው ትንሽ ገንዳ በእርግጥ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በቀን ቶሎ ይሞቃል፣ በሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ዓሣን ደግሞ ከቅዝቃዜው ባልተናነሰ መዋዠቁ ይጎዳዋል።

ማሞቂያ መግዛቱስ? ማሞቂያ ክፉ ነው አንልም። የሞቃት አገር ዓሣ ለሚያኖር ሰው ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ማሞቂያ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን መብራት በጠፋ ሌሊት ማሞቂያው ከንቱ ዕቃ ነው። ሌላም ችግር አለ። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በሰቆጣ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ያው ውኃ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ነው። እስከ 28 ዲግሪ ብናሞቀው ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። ዓሣው በሙቀቱ ምክንያት ብዙ ኦክስጅን በሚፈልግበት ሰዓት ውኃው ጥቂት ይሰጠዋል። ስለዚህ በደጋ የሚያሞቅ ሰው የአየር መንፊያም ያስፈልገዋል።

ለጀማሪው የምንመክረው ቀላል ነው። ገንዳውን በውኃ ሞልቶ፣ ዓሣ ሳያስገባ፣ ለአንድ ሳምንት ጎሕ ሲቀድና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በቴርሞሜትር ይለካ፤ ውጤቱንም በደብተር ይመዝግብ። ውኃው ከ17 እስከ 22 ዲግሪ መካከል የሚመላለስ ከሆነ በቻይና ለዘመናት ሲዳቀል የኖረው ጎልድፊሽ ያለ ማሞቂያ ይስማማዋል፤ እርሱም ቢሆን ሰፊ ውኃ ይሻል። ገንዳው ከመስኮትና ከቀጥታ ፀሐይ ርቆ፣ ቢቻል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ክፍል ይቀመጥ፤ ክዳንም ይኑረው። የሚለወጠው ውኃ በዚያው ክፍል አድሮ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይስተካከል። አዲስ ዓሣ ከነላስቲኩ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በገንዳው ላይ ተንሳፎ ይቆይ። በብርዳማ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ገንዳውን በጋቢ መሸፈን ይሻላል፤ የፈላ ውኃ መጨመር ግን ዓሣውን በድንገተኛ ለውጥ ይጎዳዋል።

አንድ ዓሣ ሲሞት «ዕድሌ አይደለም» ብሎ መስታወቱን ዕቃ ቤት የሚጥል ተማሪ ብዙ ነው። ዕድል ሳይሆን ያልተለካ ውኃ ነው የገደለው። ዓሣ ቢበርደው አይጮኽም፤ ወደ ሞቀ ስፍራም መሄድ አይችልም። በመስታወት ውስጥ ያኖርነው ፍጡር ያለው ቆላም ሆነ ደጋ እኛ የሰጠነው ብቻ ነው። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባትም ሥራቸውን ከማሞቂያው በፊት በቴርሞሜትሩና በደብተሩ ቢጀምሩ መልካም ነው እንላለን።